የፍል ውሃዋ ከተማ ጥቁር ወፍ

ባለፈው ሳምንት ማይሙናን የተለየናት ጅቡቲ፣ ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ገበያ፣ በአባቷ የጨርቅ መደብር ውስጥ፣ ግማሹ የተቆረጠ ጨርቅ በእጇ እንደያዘች ነበር። ዛሬም እዚያው ናት። ጨርቁን አልጨረሰችውም፣ መቀሱንም አላስቀመጠችም። ጋሽ ዘሩ በበሩ ብቅ ብሎ የጣለባት ወሬ እጇን አስሮባታል።

«ረምዚ ገብቷል» ነበር ያላት።

ጋሽ ዘሩ አዲስ አበባና ጅቡቲን በከባድ መኪና ሲመላለስ ያረጀ ሹፌር ነው፤ ለረምዚ አባት ለአቡዘር ደግሞ የልብ ወዳጅ። ሆዱ ወሬ አይችልም። ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አባቱ ቀዶ ጥገና አድርጎ የለ? እሱን ሊጠይቅ ነው የመጣው። ነገ ተመልሶ ይሄዳል። እስከ አሱር ድረስ ሄሮን ሰፈር፣ ባሕሩ ዳር ነኝ ብሏል። ካልመጣችም አልቀየማትም ብሏል። ይኸው፣ አደራዬን ተወጣሁ።»

«ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ አታውቅም እንዴ፣ ጋሽ ዘሩ?»

«አውቃለሁ እንጂ የኔ ልጅ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።»

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ይህን ነው። ዛሬ ከአሱር ሶላት በኋላ የሙጠሊብ ሽማግሌዎች ወደ ሀጂ ኡበይድ ቤት ይመጣሉ፤ ሀጂም ልጃቸውን ለመስጠት ቃላቸውን ይሰጣሉ። ሙጠሊብ ሐረር ላይ ትልቅ የጨርቅ ሱቅ ያለው፣ ሶላቱን የማያጓድል፣ ለታላላቆቹ ከመቀመጫው የሚነሳ ጨዋ ሰው ነው። እንከን ብትፈልጉለት ረምዚ አለመሆኑ ብቻ ነው። ማይሙና ባለፈው ሳምንት ለእናቷ «ያላችሁትን አደርጋለሁ» ብላ ተናግራለች። ይህን ያለችው ግን ልቧ ከተሰበረ በኋላ ነው፤ ልቧን የሰበረው ደግሞ ከፖርቱጋል የመጣ አንድ ወፍ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር።

ረምዚና ማይሙና ካርቲየ 3 ውስጥ በአንድ ጎዳና ነው ያደጉት። እሷ ከድሬዳዋ መጥተው በጨርቅ ንግድ የታወቁ የሀጂ ኡበይድ ልጅ፣ እሱ የሀጂን ጭነት የሚያመላልሰው የአቡዘር ልጅ። ልጅ ሆነው ማንም ልብ አላላቸውም። ሲያድጉ ግን ሀጂ ኡበይድ አንድ ቀን እራት ላይ፣ ስም ሳይጠሩ፣ «የሹፌር ልጅ የሹፌር ልጅ ነው» አሉና ሾርባቸውን መጠጣት ቀጠሉ። ማይሙና ያን ምሽት እራቷን ሳትጨርስ ተነሳች። ረምዚ ፊዚዮቴራፒ ተምሮ ሲጨርስ የትምህርት ዕድል አገኘና ፖርቱጋል ሄደ። እዚያው ትምህርቱን ሲያጠናቅቅ አንዲት ትንሽ የክፍለ ሀገር ከተማ ሥራ ሰጠችው፤ ስሟ ካልዳሽ ዳ ራይኛ። በእነሱ ቋንቋ የንግሥቲቱ ፍል ውሃ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማይሙና ለማንም አልነገረችም። ረምዚ በየማታው የድምፅ መልእክት ይልክላታል፤ እሷ በማግስቱ ጣቃ ጨርቅ ከተደረደረበት ጀርባ ቁጭ ብላ፣ ማዳመጫውን በሻሿ ሸፍና ትሰማዋለች። «እወድሻለሁ» ማለት ያሳፍረዋል መሰል፣ የሚያወራት ስለ ከተማዋ ነው። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት አንዲት ንግሥት በዚያ መንገድ ስታልፍ ድሆች በሚሸት ሙቅ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፈው አየች፤ ምን እያደረጋችሁ ነው ብትላቸው እየዳንን ነው አሏት፤ እሷም ሕመም ነበረባትና ወርዳ ታጠበች፣ ዳነችም። ከዚያ ድሀ በነፃ የሚታከምበት ሆስፒታል በምንጩ ላይ አሠራች፤ ከተማዋም በሆስፒታሉ ዙሪያ በቀለች። ለዚሁ ብላ ጌጧን ሸጠች ይባላል።

ማይሙና ንግሥቲቱን ወደደቻት። እውነቱን እንናገር ካላችሁ፣ የሚተርክላትን ሰው ድምፅ ነው የወደደችው፤ ግን ለራሷም ቢሆን ንግሥቲቱን ብላ ነበር የምትነግራት።

ረመዳን ሊገባ ሲል ረምዚ ደወለ።  «በአንድ ወዳጄ እጅ አንድ ነገር ልኬልሻለሁ። አዲስ አበባ ሲደርስ ጋሽ ዘሩ ይቀበለውና ያመጣልሻል። ስታይው የወሰንኩትን ታውቂያለሽ። እስክታይው አልደውልም፤ ካየሽው በኋላ የመሰለሽን መልሺልኝ።» ማይሙና ቀለበት ነው ብላ ገመተች። ጥቅሉን ስትፈታው ግን ከውስጡ የወጣው ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ የሸክላ ወፍ ነው። ክንፉ ጫፍ ጫፉ ተሸርፏል። ጅራቱ ጎመድ ያለ ነው። አንዲት የጽሑፍ ቃል እንኳ አብራው የለችም።

ጅቡቲ ውስጥ ቁራ የማያውቅ የለም። ከሥጋ ቤቱ ጣሪያ ላይ ወርዶ ከእጅህ የሚነጥቅ፣ ከልጅ ዳቦ የሚቀማ ወፍ ነው። እናቷ ወይዘሮ ዓቢዳ ጥቁሩን ነገር ገልበጥ አድርገው አዩትና ፊታቸው ተለወጠ።

«ቁራ? ከዚያ ሁሉ አገር ቁራ ነው ያገኘልሽ? ነቢ ኑሕ ከመርከቡ የላኩት ቁራ ተመልሶ መጣ እንዴ? እንደወጣ ቀረ! ይኸው ልጄ፣ በግልጽ ነግሮሻል። እንደ ቁራው ሄጃለሁ፣ አልመለስም ነው የሚልሽ።»

 «ስታይው የወሰንኩትን ታውቂያለሽ» ያለው ራሱ አይደለም? «አይቻለሁ። መንገድህን ያቅናልህ» ብላ ጻፈችለትና ቁጥሩን ዘጋችው። ያን ዕለት ደንበኞች ሲገቡና ሲወጡ ፈገግ ስትል ዋለች፤ ማታ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትራሷን አራሰችው።

አሁን ደግሞ «ገብቷል» ይሏታል። መምጣቱ አናደዳት። መናደዷ ደግሞ የባሰ አናደዳት፤ የሞተ የመሰላት ነገር ሁሉ እንዳልሞተ የነገራት እሱ ነውና።

*

ቀትር ላይ የድሬዳዋው ጫት ሲገባ ጅቡቲ በሯን ትዘጋለች። ሱቁ ይቆለፋል፣ ወንዱ ጫቱን ይዞ ወደየመጅሊሱ፣ ወደ መቃሚያ ክፍሉ ይገባል፣ መንገዱ ለፀሐይና ለፍየሎች ይለቀቃል። ማይሙና «አክስቴን አይቼ እመጣለሁ» ብላ ወጣችና ታክሲ ያዘች። ውሸት አትችልበትም፤ ደግነቱ የጠየቃት አልነበረም።

ሄሮን ደርሳ ስትወርድ፣ በፈረንሳዮች ጊዜ ከተሠሩት ሰፋፊ በረንዳ ካላቸው ቤቶች ፊት ለፊት፣ በባሕሩ ግንብ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጦ አየችው። ትከሻው ከስቷል። ዘወር ብሎ አያት።

«አሰላሙ አለይኩም» አለ፣ ብድግ ብሎ።

«ወአለይኩም ሰላም። አባትህ እንዴት ናቸው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው። አንቺስ?»

«ደህና ነኝ።»

በመሃላቸው ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትተው ግንቡ ላይ ተቀመጡ። ባሕሩ ሸሽቶ ጭቃው ይታያል። 

«ዛሬ ነው አሉኝ» አለ ረምዚ።

«ዛሬ ነው።»

«ሙጠሊብን አውቀዋለሁ። ጥሩ ሰው ነው።»

«ጥሩ ሰው ነው።»

«እንግዲህ... እኔ ልከስሽ አልመጣሁም ማይ። ምርቃትሽንም ተቀብያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ያን ያህል ዓመት ስትሰሚኝ፣ ስትስቂልኝ፣ አይሆንም ማለት አስበሽ ከነበር ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም? ለምን ጠብቀሽ ጠብቀሽ...»

ማይሙና እንደ እሳት ቱግ አለች። «እኔ? ቁራ ልኮ የሰደበኝ ማን ሆነና ነው እኔ የምጠየቀው?»

«የምን ቁራ?»

«አትቀልድብኝ ረምዚ፣ ወላሂ አትቀልድብኝ! እናቴ ፊት ነው የፈታሁት። ቀለበት ነው ብዬ ነው የፈታሁት! እንደ ኑሕ ቁራ አልመለስም ማለት ከፈለግህ አፍ የለህም? እስከዛሬ ስለ ንግሥትና በጎመን መልክ ስለሚሠራ ሳህን የለፈለፈ አፍህ ያን ቀን ምን ሆነ?»

ረምዚ አፉን ከፍቶ አያት። ቀስ ብሎ ጠየቀ፤ «ጅራቷ እንዴት ነው?»

«ምኗ?»

«የወፏ ጅራት።»

«ጎመድ ያለ ነው። ምን አገናኘው?»

ረምዚ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ማይሙና መጀመሪያ ያለቀሰ መሰላት፣ ቀጥሎ የሳቀ መሰላት፤ ሁለቱንም ነበር። ስልኩን አውጥቶ አንድ ፎቶ ከፈተና በመሃላቸው ባለው ባዶ ቦታ ላይ አስቀመጠላት። ነጭ ግድግዳ ነው፣ ሰማያዊ መስኮት ያለው። ከመስኮቱ በላይ ሁለት ጥቁር የሸክላ ወፎች አንዱ ሌላውን ተከትሎ የሚበሩ መስለው ተሰቅለዋል። ጅራታቸው ረጅም ነው፣ እንደ መቀስ ለሁለት የተከፈለ።

«ይሄ የተከራየሁበት ቤት ነው» አለ። «ባለቤቷ ባልቴት ናት። ካልዳሽ የሸክላ ከተማ ናት ብዬሽ የለ? ይህችን ወፍ እዚያ የማይሠራት የለም። በጣሪያ ጥግ በጭቃ ቤት የምትሠራው ትንሿ ወፍ ናት እኮ፤ ቁራ አይደለችም! ብርዱ ሲገባ ወደ አፍሪካ ትመጣለች፣ በጋ ሲሆን ተመልሳ እዚያው የድሮ ቤቷ፣ እዚያው የድሮ ጓደኛዋ ጋ ትገባለች ይላሉ። እዚያ አገር የሚፋቀሩ ሰዎች ጥንዱን ይገዙና ቤታቸው ላይ ይሰቅላሉ። ባልቴቷ ባሏ ከሞተ ስንት ዘመኑ ነው፣ የእሱን አላወረደችም። እኔ አንዷን ላክሁልሽ፣ አንዷን አስቀረሁ። ቃል ያልጨመርሁበት እዚያ ሰው ስለማይጨምር ነው። የካልዳሽ ሰው ሆኜ ነበር ማይ፤ አንቺ የጅቡቲ ሰው መሆንሽን ረሳሁ።»

ማይሙና ፎቶውን አነሳችው። ጅራቶቹን በጣቷ አጎላች። ጋሽ ዘሩ ጥቅሉን ሲሰጣት «መንገዱ ትንሽ ነቅነቅ አድርጎታል» ያላት አሁን ገና ትዝ አላት። ተሸርፎ የቀረው የጅራቷ ጫፍ ሁሉ በመኪናው ወንበር ሥር ተፈጭቶ፣ አንድ ቦታ ላይ በመጥረጊያ ተጠርጎ ወጥቷል።

«ታዲያ የወሰንከው ምን ነበር?» አለች።

«እመለሳለሁ የሚል። ቋሚ ቅጥር ሰጥተውኝ ነበር። አልፈርምም፣ ተመልሼ አባትሽን እጠይቃለሁ፣ እዚሁ ማከሚያ ከፍቼ አብረን እንኖራለን ብዬ ነበር። መንገድህን ያቅናልህ ስትይኝ... እንግዲህ ነገ ስመለስ ልፈርም ነው።»

ማይሙና ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ስንት ሌሊት አልቅሳ የወጣላት የመሰላት እንባ ሁሉ ለካ ገና አልተጀመረም ነበር። ለአንድ ሰው ስትል ስታዝን መክረሟ፣ ያም ሰው እዚያ ማዶ በዝናብ ውስጥ በእሷ ምክንያት ሲያዝን መክረሙ አንጀቷን በላው።

«ተነሳ» አለችው።

«ወዴት?»

«ወደ አባቴ። አሱር ሳይደርስ።»

ረምዚ አልተነሳም። ፈርቷል። እሷም ፈርታለች። ግን እየፈራችም ቆማ ጠበቀችው፣ እሱም በመጨረሻ ተነሳ።

*

ሀጂ ኡበይድ መጅሊሳቸው ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰዋል፣ ክፍሉ ተጠርጓል፣ ለእንግዶች የተዘጋጀው ቴምር በሳህን ቀርቧል። ወይዘሮ ዓቢዳ ልጃቸው ማይሙና ረምዚን አስከትላ ስትገባ ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ ሀጂ።

«አባ፣ ረምዚ ነው። ሊያናግርህ ይፈልጋል» አለች ማይሙና።

ረምዚ ጎንበስ ብሎ የሀጂን እጅ ሳመና ቆመ። ተቀመጥ አላሉትም።

«ሀጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በሽማግሌ መምጣት ነበረብኝ፤ ሰዓቱ አልበቃኝም። ልጅዎን ለማግባት እፈልጋለሁ። ወፍ ልኬላት በእኔ ጥፋት ተሳስተን...»

«ወፏን ተዋት» ብለው አቋረጡት ሀጂ። «ሽማግሌዎች መንገድ ላይ ናቸው። አንተ የአቡዘር ልጅ ነህ። አባትህን አከብረዋለሁ፣ ጭነቴ ከእጁ ጎድሎ አያውቅም። ግን የጨርቅ ሰው ለጨርቅ ሰው ነው። ለመሆኑ ምን ይዘህ ነው የመጣኸው? የምትኖርበት አገርስ ምን ዓይነት አገር ነው? ውሃ ከመሬት ይፈላል፣ አሮጊት ይታጠብበታል አሉኝ። ይሄ ከተማ ነው?»

ረምዚ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ማይሙና ቀደመችው። ለምን እንደቀደመችው ራሷም አላወቀችም። አገሯ የተሰደበባት ያህል ቆጫት።

«ከተማ ነው አባ! ንግሥት የመሠረተችው ከተማ ነው። ድሆች የታጠቡበት ውሃ ውስጥ ወርዳ የታጠበች ንግሥት። ውሃው እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ ሰው ግን ይለምደዋል። ጠዋት ጠዋት ድንጋይ በተነጠፈበት አደባባይ ላይ ፍራፍሬ ይሸጣሉ፤ ፊሎሜና የምትባል አሮጊት አለች፣ ለረምዚ ሁልጊዜ አንድ ፒር ትመርቅለታለች። ሸክላ ሠሪዎቹ ቀልደኞች ናቸው፤ ሳህኑን በጎመን ቅጠል፣ ማሰሮውን በእንቁራሪት መልክ ይሠሩታል። መናፈሻው ውስጥ ሐይቅ አለ፣ ከሐይቁ ማዶ ረጃጅም የጡብ ሕንፃዎች አሉ፣ መስኮታቸው ተሰብሮ ባዶአቸውን ቆመዋል። ሀብታም ከየአገሩ ለውሃው የሚመጣበት ጊዜ አልፏል። ሆቴሎቹ አርጅተዋል። ሰዉ ግን በዚህ አያፍርም፣ ዝናቡ ሲያባራ ወጥቶ እዚያው ይንሸራሸራል። በትልቁ ጦርነት ጊዜ ስደተኛ ሞልቶባቸው ነበር። ያኔ የከተማው ሴት ብቻዋን ካፌ አትቀመጥም፤ የስደተኞቹ ሴቶች ግን ተቀመጡ። ሰው መጀመሪያ አማቸው፣ ቀጥሎ የራሱ ልጆች አጠገባቸው ሄደው ተቀመጡ። ከሆስፒታሉ በታች ያለው ሦስተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ዝናብ አይደርስም፣ ዛፉ ይከልለዋል፤ እዚያ ነው...»

እዚያ ነው ድምፁን ቀድቶ የሚልክልኝ ልትል ነበር። የክፍሉ ዝምታ ድንገት ተሰማትና ቃሉን ዋጠችው። ፊቷ ጋለ። ረምዚ መሬት መሬት ያያል። እናቷ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

ሀጂ ኡበይድ መቁጠሪያቸውን አቆሙ።

«ሄደሽ ታውቂያለሽ?» አሉ።

«የት ሄጄ አባ!»

«ማን ነገረሽ?»

ማይሙና ረምዚን አየችው። 

ሀጂ አሁን ሲናገሩ የገበያ ድምፃቸው አልነበረም።

«ሙጠሊብ እዚህ ቤት ሲመጣ ስለ ሐረር፣ ስለ ሱቁ፣ ስለ ግቢያቸው ያወራል። እኔም አብሬ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። እስቲ ከነገረሽ አንድ ንገሪኝ።»

ማይሙና አሰበች። ከልቧ አሰበች። ለሙጠሊብ አዘነችለት፤ አንድ ነገር እንኳ ብታስታውስለት በወደደች ነበር። የነጭ ሸሚዙ አንገትጌ ትዝ አላት። ጥሩ ሽቶ ትዝ አላት። ካወራው ግን አንድ ቃል አልነበረም።

«አላስታውስም አባ» አለች፤ እንባዋ በጉንጯ ላይ ወረደ። «ይቅር በለኝ። ልታዘዝህ ፈልጌ ነበር። አሁንም እዘዘኝና እታዘዛለሁ። አላስታውስም ግን።»

ሀጂ ኡበይድ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «እኔ ልጅ ሳለሁ አባቴ ኤረር ፍል ውሃ ይወስደኝ ነበር» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «ባቡር ተሳፍረን። እሱ ነጋዴ ነው፣ አጠገቡ የባቡር ሠራተኛው፣ ከዚያ ወዲያ ግመል ነጂው። ሁሉም በአንድ ውሃ ውስጥ። ልብስ ከወለቀ በኋላ ማን ማን እንደሆነ አይታወቅም ነበር።» ከመቁጠሪያቸው አንድ ፍሬ ገፋ አደረጉ። «ለምን እንደረሳሁት እንጃ።»

ከውጭ የአሱር አዛን ተሰማ። ወይዘሮ ዓቢዳ ወደ በሩ አዩ፤ ሽማግሌዎቹ ከሶላት መልስ መምጣታቸው ነው። ሀጂ ስልካቸውን ከጀለቢያቸው ኪስ አወጡና የሙጠሊብን አጎት ቁጥር ደወሉ። 

«አሎ፣ ወንድሜ። ልለምንህ ነው፤ ዛሬ አትምጡ። የለም፣ የለም፣ ልጃችሁ ምን ይወጣለታል። ነገ እኔ ራሴ መጥቼ ከእግራችሁ ሥር እቀመጣለሁ፣ ይቅርታም እጠይቃለሁ። ልጄ ቀድማ ታጭታ ኖሯል። እዚሁ ቤቴ ውስጥ፣ እዚሁ ሱቄ ውስጥ፣ እኔ ሳላውቅ።»

ስልኩን ዘጉና እጃቸው ላይ ይዘውት ቆዩ። ከዚያ ረምዚን ቀና ብለው አዩት።

«አባትህ መቀመጥ ይችላል?»

«ትንሽ ትንሽ ይችላል፣ ሀጂ።»

«እንግዲያው አታስመጣው፣ እኔ እሄዳለሁ። ሃያ ዓመት ዕቃዬን ተሸክሞልኝ ታሞ አልጠየቅሁትም። ስለ ልጄ እዚያው አልጋው አጠገብ እንነጋገራለን። አንተም ቆመህ አትቅር፣ ተቀመጥ።»

ረምዚ እዚያው ምንጣፉ ላይ ዝርፍጥ አለ። ማይሙና የአባቷን እጅ ልትስም ጎንበስ አለች፤ መሳም ግን አልቻለችም፣ ግንባሯን መዳፋቸው ውስጥ ቀብራ ተንሰቀሰቀች። ሀጂ ኡበይድ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ። ሻሿ ላይ እጃቸውን ጭነው፣ ዝም በይ ሳይሏት፣ እስኪወጣላት ድረስ እንድታለቅስ ተዉአት።